ከኅብረ ሕዋስ ውስጥ የመጣ ምልክት

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው (ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ይሠሩ የነበሩት የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ሊላንድ ክላርክ የሳንባን ሥራ የሚተካ መሣሪያ ሠርተዋል። መሣሪያው ደምን ከሰውነት ውጭ በኦክሲጅን አረፋ ያጠግባል። ክላርክ ስለ ሥራቸው ጽፈው ለሳይንስ መጽሔት ላኩ። ጽሑፉ ግን ተመለሰባቸው። ከመሣሪያው የሚወጣው ደም ምን ያህል ኦክሲጅን እንደያዘ ለክተው ማሳየት አልቻሉምና።

ኦክሲጅንን በፕላቲነም ኤሌክትሮድ መለካት ቀድሞም ይታወቅ ነበር። ፕላቲነሙ ላይ አነስተኛ አሉታዊ ቮልቴጅ ሲደረግበት አጠገቡ ያለው ኦክሲጅን ኤሌክትሮን ይቀበላል፤ በዚህ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ፍሰትም የኦክሲጅኑን መጠን ያሳያል። በደም ውስጥ ግን ፕሮቲኑና የደም ሕዋሱ ፕላቲነሙ ላይ እየተለጠፉ ልኬቱን ያበላሹታል። ክላርክ በመጀመሪያ ፕላቲነሙን በሴሎፎን ሸፈኑት። መሻሻል ታየ፤ ችግሩ ግን አልተቋጨም። ወሳኙ ሐሳብ የመጣላቸው በ1954 ነው፦ ፕላቲነሙን ብቻ ሳይሆን ሁለተኛውን ኤሌክትሮድም ከአንድ ስስ የፖሊኤቲሊን ሽፋን ጀርባ ማኖር። ሽፋኑ ኦክሲጅኑን ያሳልፋል፣ ደሙን ያግዳል። ልኬቱ ረጋ። በ1956 ለባለሙያዎች የቀረበው ይህ መሣሪያ ዛሬም «የክላርክ ኤሌክትሮድ» እየተባለ ይጠራል።

ክላርክ በዚህ አልቆሙም። ኦክሲጅንን መለካት ከተቻለ፣ ኦክሲጅን እየፈጀ የሚለወጠውን ነገርስ መለካት አይቻልም? በ1962 ከቻምፕ ላየንስ ጋር ያወጡት ጽሑፍ መልሱን ያዘ። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም በኤሌክትሮዱ ሽፋን ላይ ማኖር ነው። ኢንዛይሙ ከብዙ ሞለኪውሎች መካከል ግሉኮስን ለይቶ ያውቃል፤ ሲለውጠውም ኦክሲጅን ይፈጃል። ኦክሲጅኑ በቀነሰ መጠን የስኳሩ ብዛት ይታወቃል። ሕይወት የሠራው ሞለኪውል ይለያል፣ ኤሌክትሮኒክሱ ያን ወደ ቁጥር ይለውጣል። ባዮሴንሰር የሚባለው ይህ ጥምረት ነው። የስኳር ሕሙማን በየቤታቸው ጣታቸውን ወግተው የሚለኩበት መሣሪያም ከዚሁ ሐሳብ የተወለደ ነው።

ታሪኩ ሌላ መንገድ የያዘው የአካል ክፍሎችን መሥራት የሚሹ ሳይንቲስቶች ሲነሡ ነው። በ1993 ሮበርት ላንገር እና ጆሴፍ ቫካንቲ «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ላይ የኅብረ ሕዋስ ምሕንድስናን መንገድ አብራሩ። በአጭሩ፣ ሰውነት የሚቀበለው ቀዳዳማ ርብራብ ይዘጋጃል፤ ሕያው ሕዋሳት ይዘሩበታል፤ ምግብና ኦክሲጅን እያገኙ ያድጋሉ። ተስፋው ትልቅ ነበር። ያደገው ኅብረ ሕዋስ ወፈር ሲል ግን ችግር መጣ። በሰውነታችን ውስጥ አብዛኛው ሕዋስ ከደም ሥር ከ100 እስከ 200 ማይክሮሜትር በላይ አይርቅም፤ ይህም የአንድ ወይም የሁለት ፀጉር ውፍረት ያህል ነው። ከዚያ ሲያልፍ ኦክሲጅኑ ሳይደርስ ያልቃል። የደም ሥር የሌለው ሰው ሠራሽ ኅብረ ሕዋስ ዳሩ ደኅና ሆኖ መሐሉ ሊሞት ይችላል።

መሐሉን ለማየት የነበረው የተለመደ መንገድ ኅብረ ሕዋሱን በስሱ ቆርጦ፣ በቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ መመርመር ነው። ይህ ግን የሚታየውን ነገር ራሱን ይገድለዋል። በማሳደጊያው ፈሳሽ ውስጥ የሚገቡ ኤሌክትሮዶች በበኩላቸው የሚናገሩት ስለ ፈሳሹ እንጂ ስለ ኅብረ ሕዋሱ ጥልቅ አይደለም። ታዲያ መዳሰሻ (ሴንሰር) ኅብረ ሕዋሱን ሳይጎዳ ወደ ውስጥ እንዴት ይግባ?

በ2012 «ኔቸር ማቴሪያልስ» ላይ የወጣ ሥራ ጥያቄውን ገለበጠው። ቦዚ ቲያን፣ ጂያ ሊዩ እና ታል ድቪር በቀዳሚነት የሠሩት፣ ቻርልስ ሊበር፣ ሮበርት ላንገር እና ዳንኤል ኮሄን የመሩት ቡድን መዳሰሻውን ካደገ ሥጋ ውስጥ ለማስገባት አልሞከረም። ርብራቡን ራሱን መዳሰሻ አደረገው። እጅግ ቀጫጭን የሲሊከን ናኖ ሽቦዎች ትራንዚስተር ሆነው በተጣጣፊ መረብ ላይ ተደረደሩ፤ መረቡ አብዛኛው ክፍት ቦታ ስለሆነ ለሕዋሳቱ መንገድ አይዘጋም። ከዚያ ሕዋሳቱ ተዘሩበት፤ ሽቦዎቹን አቅፈው አደጉ።

የአይጥ ልብ ሕዋሳት በዚህ መረብ ላይ አድገው መምታት ሲጀምሩ የምታቸው የኤሌክትሪክ ምልክት ከኅብረ ሕዋሱ ውስጥ ወጣ። ተመራማሪዎቹ የልብ ምት የሚያፋጥነውን ኖርአድሬናሊን ሲጨምሩ መዳሰሻዎቹ ምቱ እጥፍ መሆኑን መዘገቡ። በሌላ ሙከራ ከሰው የደም ሥር ጡንቻ ሕዋሳት ቱቦ ሠርተው በውስጡና በውጭው ያለውን የአሲድነት ልዩነት ለኩ። ሕያው ሥጋ ሳይቆረጥ ከውስጡ መረጃ ሰጠ።

ማዳመጥ ከተቻለ ምላሽ መስጠትስ? በ2016 በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የታል ድቪር ቡድን ኤሌክትሮኒክስ የተዋሐደበት የልብ ጡንቻ ቁራጭ አቀረበ። ይህ ቁራጭ የሕዋሳቱን ምት ይመዘግባል፤ ሲያስፈልግ በኤሌክትሪክ ምቱን ይመራል፤ በትእዛዝም መድኃኒት ይለቃል።

እንዲህም ሆኖ መንገዱ አላለቀም። ፕሮቲን ዛሬም በመዳሰሻ ላይ ይለጠፋል፤ ኢንዛይም ከጊዜ ጋር ይደክማል፤ ሰውነት ባዕድ ነገርን በጠባሳ ይከባል። ለሳምንታት የሠራ መዳሰሻ በሰው ገላ ውስጥ ለዓመታት እንዲሠራ ማድረግ ገና ከባድ ሥራ ነው። እኔ ግን ከዚህ ታሪክ ተነሥቼ አንድ ነገር በጽኑ አምናለሁ፦ መለኪያ ከሥራው በኋላ የሚመጣ ማጣሪያ ሳይሆን የሥራው አካል ነው። ውስጡ ምን እንደሚሆን የማናውቀውን ኅብረ ሕዋስ ለሕመምተኛ መስጠት አንችልም።

በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ባዮሜዲካል ምሕንድስና፣ ኬሚስትሪና ኤሌክትሮኒክስ የምትማሩ ወጣቶች ይህን ልብ በሉ። ይህ ዘርፍ የሦስታችሁንም እውቀት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በየክፍላችሁ ተለያይታችሁ አትቅሩ፣ አብራችሁ ሥሩ።