የጠላቂዎች ሰዓት ዋጋው በምን ይመዘናል?

የጠላቂዎች ሰዓት የሚባለው፣ የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ወደ ባሕር የሚወርድ ሰው ከውሃው በታች ስንት ደቂቃ እንደቆየ በጨለማም ሆነ በድፍርስ ውሃ ውስጥ በአንድ እይታ እንዲያውቅ ታስቦ የተሠራ የእጅ ሰዓት ነው። ከሚሸጡት ውስጥ አብዛኞቹ ባሕር ሳያዩ በሰው እጅ ላይ የሚያረጁ ቢሆኑም፣ ገዢው የሚከፍልበት ዋና ነገር ያው ለባሕር የተሰጠው ጥንካሬ ስለሆነ፣ አዲስ የጠላቂ ሰዓት ሲገመገም ከውበቱና ከስሙ በፊት መጠየቅ ያለበት ሰዓቱ ለዚያ ሥራ በእርግጥ ተፈትኖ እንደሆነና ያ ጥንካሬው ከዓመታት በኋላም ሊታደስለት የሚችል እንደሆነ ነው።

ደቂቃ መቁጠር ለጠላቂ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሚሆነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የያዘው አየር የተወሰነ መሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ በግፊት ውስጥ ሆኖ ከሚተነፍሰው አየር ናይትሮጅኑ ወደ ደሙና ወደ ሥጋው ስለሚሟሟ፣ ከተፈቀደለት ደቂቃ በላይ ቆይቶ በፍጥነት ቢወጣ ናይትሮጅኑ በሰውነቱ ውስጥ አረፋ እየሆነ ለከባድ ሕመም አልፎም ለሞት የሚዳርገው መሆኑ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቦብ ማሉቢዬና ክሎድ ሪፎ የተባሉ የፈረንሳይ የጦር ጠላቂዎች መኮንኖች ለክፍላቸው የሚሆን ሰዓት ሲፈልጉ፣ እርሱም ጠላቂ በነበረው ዣን ዣክ ፊሽተር ይመራ የነበረው የስዊስ ኩባንያ ብላንፓ «ፊፍቲ ፋዘምስ» የተባለውን ሰዓት በ1953 ያቀረበው ለዚህ ችግር መልስ እንዲሆን ነው። ጥቁር ፊት፣ በጨለማ የሚያበሩ ትልልቅ ምልክቶችና ከመስታወቱ ዙሪያ የሚሽከረከር ቀለበት የያዘው ያ ንድፍ፣ በዚያው ዘመን ከወጣው የሮሌክስ «ሰብማሪነር» ጋር፣ ዛሬ በየሱቁ ለሚታየው የጠላቂ ሰዓት ሁሉ አርአያ ሆኖ ቀርቷል።

ቤዝል የሚባለው ያ ቀለበት ለጌጥ የተደረገ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ጠላቂው ግን ከመውረዱ በፊት በቀለበቱ ላይ ያለውን የሦስት ማዕዘን ምልክት ከደቂቃ ቆጣሪው ጫፍ ጋር ያገጣጥመዋል፤ ከዚያ በኋላ ደቂቃ ቆጣሪው በቀለበቱ ላይ የሚያመለክተው ቁጥር በቀጥታ ያለፈውን ደቂቃ ይነግረዋል። ቀለበቱ የሚዞረው ወደ ግራ ብቻ መሆኑም የታሰበበት ነው፤ ከድንጋይ ወይም ከመሣሪያ ጋር ተጋጭቶ ከቦታው ቢንቀሳቀስ እንኳን ያለፈውን ጊዜ ከእውነተኛው አብዝቶ ያሳያል እንጂ አያሳንስም፤ ስለዚህ ስህተቱ ጠላቂውን ቶሎ እንዲወጣ ያደርገዋል እንጂ ለአደጋ አይሰጠውም። አዲስ ሰዓት የሚመረምር ሰው ቀለበቱን አዙሮ ቀጭ ቀጭ እያለ በየደረጃው መቆሙን፣ ወዲያና ወዲህ አለመላላቱንና በእርጥብ ጣት መያዙን ቢያይ፣ ስለ ሠሪው ጥንቃቄ ብዙ ነገር ይረዳል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን የውሃ ግፊት ነው። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት 1 ባር የሚያህል ግፊት ይጨመራል፤ አንድ ባር በባሕር ጠለል ላይ አየሩ ራሱ ከሚያሳድርብን ጫና ጋር የሚቀራረብ ነው። የጠላቂ ሰዓት ምን ማሟላት እንዳለበት የሚደነግገው አይኤስኦ 6425 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ በ1982 ወጥቶ በ1996 እና በ2018 የታደሰ ሲሆን፣ ቢያንስ 100 ሜትር መቋቋምን፣ በጨለማ ከ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት መነበብን፣ የጨው ውሃን፣ ምትንና ማግኔትን መቻልን ይጠይቃል። ሰዓቱ ከተጻፈለት ጥልቀት ግፊት 25 በመቶ ተጨምሮበት ለሁለት ሰዓት ውሃ ውስጥ ይቆያል፤ ቀጥሎም ግፊቱ ወደ 0.3 ባር ዝቅ ተደርጎ ለአንድ ሰዓት እዚያው ይተዋል። ሁለተኛው እርምጃ ከመጀመሪያው የማያንስ ብልሃት አለው፤ ከባድ ግፊት ውሃ እንዳይገባ የሰዓቱን መገጣጠሚያዎች የሚዘጉትን የጎማ ቀለበቶች (ኦሪንጎች) ራሱ አጥብቆ ስለሚጫናቸው በጥልቀት ያልገባ ውሃ በጥቂት ሜትር ላይ ሊገባ ይችላልና ነው።

ውሃ መግባት አለመግባቱ የሚታወቅበት መንገድም ቀላልና አስተማማኝ ነው። ሰዓቱ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ በሞቀ ሳህን ላይ ይቀመጥና ሲግል ቀዝቀዝ ያለ የውሃ ጠብታ በመስታወቱ ላይ ይደረግበታል፤ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጠብታው ሲጠረግ በመስታወቱ የውስጥ ገጽ ላይ ጉም ከታየ፣ ውስጡ እርጥበት አለና ያ ሰዓት አልፏል አይባልም። ይህ የግፊትና የእርጥበት ፈተና በእያንዳንዱ ሰዓት ላይ መደረግ ያለበት ሲሆን፣ ውሃ የማያስገቡ ተራ ሰዓቶችን የሚመለከተው አይኤስኦ 22810 ግን ከተመረቱት መካከል በናሙና መፈተሽን ይፈቅዳል። «ዳይቨርስ 200 ሜትር» እና «ውሃ የማያስገባ 200 ሜትር» በሚሉት ሁለት ጽሑፎች መካከል ያለው ልዩነትም ይኸው ስለሆነ፣ ገዢው ከቁጥሩ ይልቅ ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን ቃል ማንበብ ይኖርበታል። ብዙውን ጊዜ 100 ዶላር እንኳን የማይሞላው ካሲዮ «ዱሮ» 200 ሜትር የሚል ቁጥር ቢኖረውም «ዳይቨርስ» የሚለው ቃል አልተጻፈበትም፤ ለዋጋው ግሩም ዕቃ መሆኑን ይህ አይቀንሰውም፤ የተፈተነበት ደረጃ ግን ሌላ መሆኑ መታወቅ አለበት።

እዚህ ላይ በሰፊው የሚነገር አንድ ስህተት መታረም አለበት፤ እርሱም ዋናተኛ እጁን ሲያወናጭፍ በሰዓቱ ላይ ያለው ግፊት እጅግ ስለሚበዛ 50 ሜትር የተጻፈበት ሰዓት እጅ ከመታጠብ አያልፍም የሚለው ነው። የፊዚክሱ ስሌት እንደሚያሳየው በሴኮንድ 2 ሜትር የሚንቀሳቀስ እጅ የሚጨምረው ግፊት ከ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ጋር የሚስተካከል ብቻ ነው። ሰዓትን በውሃ የሚያበላሸው ይልቁንም ያረጀ ጎማ፣ በደንብ ያልተዘጋ የመሙያ ቁልፍ (በሰዓቱ ጎን ያለው መሙያና ማስተካከያ)፣ የሙቅ ውሃና የሳሙና ጉዳት ነው።

አዲስ ሞዴል ሁልጊዜ ከአሮጌው የተሻለ ነው ማለት እንደማይቻል የጃፓኑ ሴይኮ ታሪክ በጥሩ ሁኔታ ያሳያል። ኩባንያው የመጀመሪያ የጠላቂ ሰዓቱን በ1965 ለ150 ሜትር አቅርቦ፣ በ1996 ደግሞ «ኤስኬኤክስ007» የተባለውን ባለ 200 ሜትር አውቶማቲክ ሰዓት አወጣ፤ አውቶማቲክ የሚባለው ያለ ባትሪ፣ በእጅ እንቅስቃሴ ሞላውን እየሞላ የሚሠራ ማለት ነው። ይህ ሰዓት የአይኤስኦ ደረጃን አሟልቶ፣ በጥርስ እየዞረ የሚጠብቅ የመሙያ ቁልፍ ይዞ፣ በመጠነኛ ዋጋ ከሃያ ዓመት በላይ ከተሸጠ በኋላ በ2019 ቦታውን በመልክ እጅግ ለሚመስለው አዲሱ «ሴይኮ 5 ስፖርትስ» ለቀቀ። አዲሱ ሰዓት በውስጡ ያለው 4አር36 የተባለ ማሽን በእጅ ሊሞላ የሚችልና ሰዓቱ ሲስተካከል ሰከንድ ቆጣሪውን የሚያቆም በመሆኑ፣ እነዚህ ሁለቱም ከሌሉት ከአሮጌው 7ኤስ26 የተሻለ ነው። በአንጻሩ የመሙያ ቁልፉ በጥርስ አይጠብቅም፤ የውሃ መቋቋሙም ወደ 100 ሜትር ወርዷል፤ «ዳይቨርስ» የሚለው ቃልም ከፊቱ ላይ ጠፍቷል።

ይህን ለውጥ ማታለል ነው የሚሉት ሰዎች አላጋነኑም ማለት አይቻልም፤ ለመዝናናት የሚጠልቁ ሰዎች የመጨረሻ ወሰናቸው 40 ሜትር ነውና 100 ሜትር በራሱ ትንሽ ቁጥር አይደለም። የጎደለው እያንዳንዱ ሰዓት ተፈትኖ መውጣቱና የመሙያ ቁልፉ በስህተት እንዳይሳብ የሚጠብቀው ጥርስ ነው፤ ስለዚህ በከተማ ለሚያስረውና በሐይቅ ለሚዋኝ ሰው አዲሱ የተሻለ ግዢ ሲሆን፣ በኤይላት ወይም በጅዳ ዳርቻ ቀይ ባሕር ውስጥ ሊጠልቅ ለሚዘጋጅ ሰው ግን ተመሳሳይ መልክ ተመሳሳይ ዕቃ አይሆንም።

ሌሎቹ መለያዎች ይህን ያህል ክርክር አያስነሱም። ሳፋየር የተባለው መስታወት በቀላሉ አይጫርም፤ ተራው ማዕድናዊ መስታወት ይጫራል፣ ነገር ግን በርካሽ ይቀየራል። የዛሬው የሚያበራ ቀለም እንደ ጥንቱ ራዲየም ጨረር አያመነጭም፤ ብርሃን ጠጥቶ በጨለማ የሚመልስ ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአንዳንድ ሰዓቶች ጎን የሚታየው የሂሊየም መውጫ ደግሞ የሚያስፈልገው በጥልቅ ባሕር ሥራ ላይ ሆነው ሂሊየም በተቀላቀለበት ግፊት ባለው ክፍል ውስጥ ለቀናት ለሚያድሩ ባለሙያዎች ሲሆን፣ ጥቃቅኑ ጋዝ ወደ ሰዓቱ ሰርጎ ገብቶ ግፊቱ ሲቀንስ መስታወቱን ገንጥሎ እንዳይጥለው ያስወጣዋል፤ ሌላው ገዢ ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ ቢከፍል የሚያተርፈው የለም።

ከ1983 ወዲህ በገበያ የዋለው የጠላቂ ኮምፒዩተር ጥልቀትንና ደቂቃን ራሱ እያሰላ ስለሚያሳይ፣ ዛሬ ሰዓቱ በአብዛኛው ኮምፒዩተሩ ቢበላሽ የሚተካ መጠባበቂያ ሆኗል። መጠባበቂያ ደግሞ በተፈለገበት ቅጽበት የማይከዳ መሆን ስላለበት፣ የግዢው ዋጋ ብቻውን ሙሉ ሒሳቡን አይነግርም። የጎማ ኦሪንጎች ይደርቃሉ፤ ባትሪ ለመቀየር ወይም ማሽኑን ለማጽዳት የኋላ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥርም ፋብሪካው ያደረገው ፈተና ዋጋ ያጣል፤ ሰዓቱ እንደገና በግፊት መሣሪያ ካልተፈተሸ በስተቀር በፊቱ ላይ ያለው 200 ሜትር የሚናገረው ከመከፈቱ በፊት ስለነበረው ሁኔታ ብቻ ነው። በመሆኑም ከሁለት ተቀራራቢ ሰዓቶች አንዱን ለመምረጥ የተቸገረ ገዢ፣ በሚኖርበት ከተማ ኦሪንጉን ቀይሮ በግፊት የሚፈትሽ ሰዓት ሠሪ ለየትኛው እንደሚገኝና ለዚያ ስንት እንደሚያስከፍል አስቀድሞ ጠይቆ ሒሳቡን በመሸጫው ዋጋ ላይ ቢደምረው፣ ርካሽ የሚመስለው ውድ፣ ውድ የሚመስለው ርካሽ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።