ለሣር በወጣ ሕግ የተረፉ ወፎች

በአገራችን የአዕዋፍና የዱር እንስሳት ጥበቃ ሲነሳ አእምሯችን ቀድሞ የሚሄደው ወደ ብሔራዊ ፓርክ፣ ወደ አጥርና ጠመንጃ ወዳነገተ ዘብ ነው። ሌላ ቦታ እምብዛም የማይገኙ ወፎችና አውሬዎች ከተጠለሉባቸው ስፍራዎች በርካቶቹ ግን ፓርክ አይደሉም። የግጦሽ ሜዳ፣ የሣር ማጨጃ፣ የቤተ ክርስቲያን አጸድ ናቸው። እነዚህን ስፍራዎች ለየብቻ ሳይሆን ጎን ለጎን አስቀምጦ ላያቸው ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ለወፏ ተብሎ የወጣ ደንብ እምብዛም የለም። ሰው ለቤቱ ክዳን፣ ለከብቱ መኖ፣ ለነፍሱ ማረፊያ ብሎ ደንብ አበጀ፤ ወፏም በዚያ ደንብ ጥላ ሥር ኖረች። የጥበቃ ሥራ መነሻውን ከእንስሳው ይልቅ ከዚህ ደንብ ቢያደርግ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ የሚገኘው ጓሳ ነው። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተንጣለለው ይህ ደጋ ስሙን ያገኘው ከሚያበቅለው ሣር ነው። ጓሳ የቤት ክዳን ነው፣ ይገመዳል፣ ፍራሽ ይሞላል፣ ከዝናብ የሚያስጠልል ገሳ ይሠራበታል። የመንዝ ሰው ይህን ሣር ለመጠበቅ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቀሮ» የሚባል ሥርዓት እንደነበረው ይነገራል። ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት። ሣሩ ሲደርስ የሥርዓቱ አለቆች መርምረው በበጋ ያስከፍቱታል፤ ክረምቱ ሲገባ፣ ሐምሌ 5 በጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል፣ ሰውም ከብትም ሜዳውን ለቆ ይወጣል። ጥበቃው በደመወዝ አልነበረም፤ አቅም ያለው ወንድ ሁሉ በተራው ይዞር ነበር። በዚህ ሁሉ መሀል ስለ ቀይ ቀበሮ የተነገረ ነገር የለም። ነገር ግን ያልታጨደ ሣር ሥር አይጥ ይራባል፣ ቀይ ቀበሮም የሚኖረው በአይጥ ነው። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ አዋቂዎች ብቻ የቀሩት ይህ እንስሳ ጓሳ ላይ የቆየው፣ ጭላዳውም በገደሉ አፋፍ መንጋውን እየመራ የሚግጠው፣ ሣሩ ባለቤት ስለነበረው ነው።

ሥርዓቱ ሲፈርስ የሆነውም ይህንኑ ያጠናክራል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቀሮም አብሮ ወደቀ፤ ሜዳው የሁሉም ሆነ፣ የማንም ሆኖ ቀረ፤ ሣሩም በዘፈቀደ ታጨደ። እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል፤ መመለስም ያሻዋል። ቀሮ የቀደምት አባቶቹ የአስቦና የጌራ ዘር ለሆኑ ብቻ መብት የሚሰጥ ሥርዓት ነበር፤ በዘር የማይቆጠር ጎረቤት በደጁ ያለውን ሣር እያየ ይመለስ ነበር። ይህ በደል ነው፤ አዋጁም ይህን መንካቱ ትክክል ነበር። ስህተቱ መድልዎውን ሲያነሳ የመዝጋትና የመክፈቻውን ጥበብ አብሮ መጣሉ ላይ ነው። ሁለቱ እንደሚለያዩ ያሳዩት ራሳቸው መንዞች ናቸው። በጓሳ ዙሪያ ያሉ የገበሬ ማኅበራት ተወካዮቻቸውን አስቀምጠው ሜዳውን በኮሚቴ ማስተዳደር ጀመሩ፤ በኋላም ክልሉ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በሕግ አወቀው።

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው የበርጋ ረግረግ ነገሩን ከሌላ ወገን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1997 ባለነጭ ክንፏ ፍላፍቴል የምትራባበት ስፍራ መሆኑ የተረጋገጠው እዚህ ነው። ከጭብጥ ብዙም የማትበልጥ፣ በእንግጫ ውስጥ ተሸሽጋ የምትሄድ ወፍ ናት፤ በዓለም የቀሩት አዋቂዎች ከ250 በታች እንደሆኑ ይገመታል። ጎጆዋን የምትሠራው በክረምት፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት ሲደርስ ነው። ከብት በዚያ ወር ቢገባ እንቁላሉ በኮቴ ያልቃል። ሆኖም ያው ሣር ለገበሬው የበጋ ድርቆሽ ነው፤ በክረምት ካልተረገጠ በጥቅምት ብዙ ይታጨዳል። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከነዋሪው ጋር ሲሠራ የተጠቀመበት ይህንን ነው። የወፏ ጊዜና የድርቆሹ ጊዜ ገጠመ፤ በስፍራው ትምህርት ቤት መሠራቱም ስምምነቱን አጸናው።

በደቡብ ጎንደር ደግሞ ከአጸዱ ውጭ እርሻ ብቻ ይታያል። በዚያ ራቁት ምድር መካከል ወይራው፣ ጽዱና ዝግባው የሚቆመው በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነው። በዶክተር አለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው ጥናት በ28 አጸዶች ውስጥ 168 የእንጨት ዕፅዋት ዝርያ ተቆጥሯል። አጸዱ ትንሽ ነው፣ ደሴት ነው፣ የደን ወፏን ሶሪትን ዘላለም አያኖርም የሚሉ አሉ፤ ስለ ትንሽነቱ እውነታቸውን ነው። ዋናው ጠላት ግን መጥረቢያ አልነበረም። ከብት ገብቶ ችግኙን ስለሚግጥ ሽማግሌው ዛፍ ወራሽ ያጣል። መፍትሔውን ምእመናኑ በእጃቸው ሠሩት፤ ከየማሳቸው ድንጋይ ለቅመው ያለ ጭቃና ሲሚንቶ ካብ ካቡ። ማሳው ለሞፈር ተመቸ፣ አጸዱ ዳር ድንበር አገኘ፣ ከካቡ ውስጥም ችግኝ ብቅ አለ። ለአንድ ድንጋይ ይህን ያህል ሥራ ማሠራት ቀላል ብልሃት አይደለም።

ሕዝቡ እንዲህ በበዛበት ዘመን የአባቶች ደንብ አይችለውም የሚለው ክርክርም አለ። ጓሳም አጸዱም የተረፉት ግን እርሻ ተራራ እየወጣ ባለበት፣ ሰው በተጨናነቀበት ደጋ ነው፤ ስለዚህ ብዛት ብቻውን አይፈርድም። ደንቡ የሚሰበረው ከውጭ የሚመጣውን ማስቆም ሲያቅተው ነው። ለዚህ ምስክሩ በነገሌ ቦረና አጠገብ ያለው የሊበን ሜዳ ነው። አርብቶ አደሩ ሜዳውን በእሳት እያጸዳ ያኖር ነበር፤ እሳት በመንግሥት ሲከለከል ቁጥቋጦ ወረረው፣ ማረሻም ተከተለ። ረዘም ያለ ሣር ሥር ጎጆ የምትሠራው ሊበን ላርክ መደበቂያ አጣች፤ እ.ኤ.አ. በ2009 እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡ ወፎች ተርታ ገባች። መልሱ እዚህም የመጣው ከቀድሞው ልማድ ነው። «ካሎ» ለደካማ ከብትና ለጥጃ በእሾህ ታጥሮ ለበጋ የሚቆይ ሣር ነው። ነዋሪው ከጥበቃ ድርጅቶች ጋር ካሎዎችን በሜዳው ላይ አጠረ፣ ሣሩም በውስጣቸው ቁመት አገኘ። ከአጥሩ ውጭ ማረሻው አልቆመም፤ የአካባቢው ሽማግሌዎች እሾህ ማጠር ይችላሉ እንጂ የእርሻ ይዞታ አይሰጡም፣ አይነሡም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብን ደን በስሙ አውቆለታል። የሊበን ወፍ ግን የሣር ወፍ ናት፤ ደን ውስጥ አትኖርም።