«ቀለሙ ተለወጠ» ስንል፦ የኅብር መዋለልና ብርሃን ወለድ ተመሳስሎ

በአማርኛ «ቀለም» የሚለው ቃል የተሸከመው ፍች ብዙ ነው። የሚጻፍበት ፈሳሽ፥ ዓይን የሚለየው መልክ፥ የቤት ቅብ፥ በግጥም የሚቆጠረው የድምፅ ክፍል፥ ትምህርትም ራሱ ቀለም ይባላል። በዕለት ንግግር ይህ አያውክም። የኅትመት ባለሙያ «የቀለሙ ቀለም ተለወጠ» ሲል ግን ሰሚው ይቸገራል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ፈሳሹን ቀለም፥ ዓይን የሚያየውን መልክ ደግሞ ከግዕዝ በወረስነው ቃል ኅብር እንለዋለን።

በኢንክጄት፥ ማለትም ቀለምን በደቃቅ ነጠብጣብ እየረጨ በሚያትም መሣሪያ፥ ሁለት ዓይነት ቀለም ይሠራበታል። አንዱ በፈሳሹ የሟሟ፥ ሁለተኛው ሳይሟሟ የተበተነ ብናኝ ነው። ብናኙ ባጠቃላይ ዕድሜው ይረዝማል። ሆኖም በብናኝ ቀለም የታተመ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በአምፑል ሥር ግራጫ የነበረው ወደ መስኮት ሲጠጋ አረንጓዴ ሊመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ኤፕሰን ስታይለስ ፎቶ 2000ፒ በዚህ ጠባዩ ታውቋል።

ባለቤቱ ይህን ሲያይ «ወየበ» ወይም «ለቀቀ» ይላል። የወየበ ግን አይመለስም፤ ይህ ወደ አምፑሉ ሲመለስ ኅብሩም ይመለሳል። ስሕተቱ በቃል ብቻ አይቀርም፤ ወየበ ያለ ሰው ደኅናውን ሥራ ጥሎ በዚያው ቀለም እንደገና ያሳትማል።

የባለሙያዎች አጠራርም አልጠራም። ብዙዎች «ሜታሜሪዝም» ይሉታል። ሜታሜሪዝም ግን የሁለት ነገሮች ዝምድና ነው፤ በአንድ ብርሃን ተመሳስለው በሌላው ይለያያሉ። የጥለት ክር ገዢ ክሩንና ጨርቁን ይዛ ከሱቁ ወደ ፀሐይ የምትወጣው ለዚህ ነው። ለእርሱ «ብርሃን ወለድ ተመሳስሎ»፥ አንድ ኅትመት ብቻውን ለሚያሳየው መለዋወጥ ደግሞ «የኅብር መዋለል» ቢባል ይሻላል እንላለን።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ግራጫው ከሳያን፥ ከማጄንታና ከቢጫ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ቀለም የሚያንጸባርቀው የሞገድ ርዝመት የተለየ ነው። ባለ ክር አምፑል ቀይ ይበዛበታል፤ የቀን ብርሃን ሰማያዊ አያንሰውም፤ የፍሎረሰንት መብራት ደግሞ ኃይሉ በጥቂት ሞገዶች ላይ ይከማቻል። ብርሃኑ ሲለወጥ የሦስቱ ሚዛን ይዛባል።

ዋናው መድኃኒት ግራጫውን ከሦስቱ ይልቅ በጥቁርና በግራጫ ቀለም መሥራት ነው። ከካርቦን የሚሠራ ጥቁር ብናኝ ሁሉንም ሞገድ ሊተካከል በቀረበ መጠን ስለሚውጥ ብዙ አይዋልልም። (የብራና ጸሓፊዎቻችን ከጥቀርሻ የሚያዘጋጁት ቀለም የዚሁ ዘመድ ነው።) እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ የወጡ መሣሪያዎች ቀላል ጥቁር የጨመሩት ከዚህም የተነሣ ነው። ከዚህ ሌላ ኅትመቱ የሚሰቀልበትን መብራት አስቀድሞ ማወቅና ማስተካከያውን በዚያ ሥር ማድረግ ያስፈልጋል፤ ለማነጻጸሪያ አይ.ኤስ.ኦ. 3664 የደነገገው 5000 ኬልቪን የሚሆነውን ብርሃን ነው። ማንጫ የበዛበት ወረቀት በቀን ብርሃን ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላ ቢቀር ይመረጣል። ኅትመቱም በሚገባ ሳይደርቅ አይፈረድበትም።