«ፍቅር እስከ መቃብር»፦ ከሁለት ወጣቶች ዕንባ እስከ ገበሬዎች ጥያቄ

አንድ ልብ ወለድ ታትሞ ከአንባቢ እጅ ከገባበት ቀን ጀምሮ የደራሲው ብቻ መሆኑ ያከትማል። የኅብረተሰቡ ኑሮ በተለወጠ ቁጥር አንባቢው ከመጽሐፉ የሚሻውም ይለወጣል። በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ለዚህ አባባል እንደ ሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ያለ ግልጽ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም አገሪቱ የምትተዳደረው በዘውዱ ሥርዓት ነበር። ደራሲውም የዚያው መንግሥት አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነው ያገለገሉ ሰው ናቸው። እንግዲህ በባላባታዊው ሥርዓት ላይ የቀረበ ይህን የመሰለ ክስ ከአንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ብዕር እንዴት ሊፈልቅ ቻለ? መልሱ ከሕይወት ታሪካቸው ይገኛል። ሀዲስ በጎጃም ተወልደው በዚያው በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ቅኔ ተምረዋል፤ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊ ትምህርት ቀስመዋል፤ ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረ ጊዜም ዘምተው፣ ተማርከው፣ በኢጣሊያ ምድር የግዞትን መራራ ኑሮ ቀምሰዋል። የቆሎ ተማሪውን ረኃብ፣ የገበሬውን ጎጆና የመኳንንቱን አዳራሽ ያወቁት በወሬ አልነበረም።

የታሪኩ መነሻ ቀላል ይመስላል። በዛብህ የተራ ገበሬ ልጅ ሲሆን ወላጆቹ በስለት ለእግዚአብሔር የሰጡት ወጣት ነው። ሰብለ ወንጌል ደግሞ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት፤ አባትዋ ለዘሯ የሚመጥን ባል የለም እያሉ የጠየቋትን ሁሉ ይመልሳሉ። በዛብህ ሊያስተምራት ወደ ቤታቸው ሲገባ ሁለቱ ተዋደዱ። በአንድ ወገን ስለት፣ በሌላው ወገን የዘር ኩራት ቆሞ ለያያቸውና ዳግም የተገናኙት በሞት አፋፍ ላይ ሆነ።

ብዙው አንባቢ በመጀመሪያ ያለቀሰው ለእነዚህ ሁለት ወጣቶች ነው። ዕንባው አግባብ ነበር፤ ነገር ግን ገዳዩን አይቶ ያልጨረሰ ዕንባ ነበር። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈንድቶ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ፣ የአንባቢው ዓይን ከሁለቱ ፍቅረኞች ወደ ጉዱ ካሳ ዞረ። ጉዱ ካሳ ከመኳንንቱ ወገን ተወልዶ የወገኖቹን ሥርዓት የሚነቅፍ ሰው ነው። ኅብረተሰቡን የሚመስለው በድንጋይ ካብ ሲሆን፣ የላይኛው የታችኛውን ተጭኖ እንደሚኖርና የታችኛው ሲናጋ ካቡ ሁሉ እንደሚናድ ይናገራል። ትናንት የእብድ ቃል ይባል የነበረው ንግግር የተፈጸመ ትንቢት መስሎ ታየ።

መጽሐፉ ከተማረው ወገን እጅ ወጥቶ ወደ ሰፊው ሕዝብ የደረሰው ግን በ1970ዎቹ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው አድማጭ ሁሉ የታሪኩ ባለቤት ሆነ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ከፊደል ጋር ሲያስተዋውቅ፣ ወጋየሁ በበኩሉ ድርሰቱን በድምፁ ወደ እያንዳንዱ ጎጆ አስገባ። ዛሬም ብዙ ሰው መጽሐፉን ሲያነብ የሚሰማው የእርሱን ድምፅ ነው።

ይሁንና አንድ ክፍል እስከ ዛሬ የሚገባውን ያህል አልተመረመረም። እርሱም በአበጀ በለው መሪነት የተነሡት ገበሬዎች ታሪክ ነው። የጎጃም ገበሬ ርስት ነበረው፤ ዳሩ ግን ከምርቱና ከጉልበቱ ለጉልተኛው የመክፈል ግዴታ ተጭኖበታል። ፊታውራሪ መሸሻ ከተለመደው በላይ ሲጠይቁ ገበሬዎቹ በአንድ ቃል እምቢ አሉ፤ ሊቀጧቸው የዘመቱትም ፊታውራሪ ድል ሆነው አፈሩ። ይህ የደራሲው ምኞት ብቻ እንዳልነበረ ታሪክ መስክሯል፤ መጽሐፉ በታተመ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን በመቃወም ተነሥቷልና። ማንበብ የማይችለው ገበሬ ያመፀው ልብ ወለድ አንብቦ አልነበረም። ገበሬውን ለአመፅ፣ ደራሲውን ለብዕር ያነሣሣቸው ያው አንድ ጭነት ነው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ከባድ ነው። ጉዱ ካሳ እውነቱን ብቻውን ስለ ተናገረ እብድ ተባለ። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ሥርዓቱን የጣሱት ሁለት ብቻ ሆነው ስለ ነበር መጠጊያ አላገኙም። ገበሬዎቹ ግን አብረው ስለ ቆሙ የሚሰማቸው አገኙ። ሦስቱን ታሪክ ነጣጥሎ የሚያነብ ሰው የፍቅር መጽሐፍ፣ የምሬት መጽሐፍ ወይም የአመፅ መጽሐፍ ያገኛል። አያይዞ የሚያነብ ግን ገበሬውን የዘረፈውና ሁለቱን ወጣቶች የለያየው ያው አንድ ካብ መሆኑን ይረዳል።

ደራሲው በ1996 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለይተዋል፤ የጉልቱ ሥርዓትም ከፈረሰ ቆይቷል። ሰውን በዘሩ የሚመዝን፣ የልጅን ዕጣ ያለ ፈቃዱ የሚወስን ልማድ ግን አዋጅ ስለ ታወጀበት ብቻ ከቤታችን አይወጣም። ስለዚህ መጽሐፉ በየቀበሌውና በየሠራተኛ ማኅበሩ አዳራሽ ጮክ ተብሎ ሊነበብ ይገባል። ንባቡ ሲያበቃም ተሰብሳቢው ስለ ፍቅረኞቹ ካዘነ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ እኛስ ዛሬ የማንን ድንጋይ ተሸክመናል? በማንስ ላይ ተጭነናል?