በሐዲድ ውስጥ የተሰወረ ውጥረት

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሰሜን–ደቡብ መስመር በንፋስ ስልክና በሳሪስ በኩል አልፎ እስከ ቃሊቲ ተዘርግቷል። ሐዲድ ላዩን ሲያዩት ዝም ብሎ የተኛ ብረት ይመስላል። ይሁን እንጂ ባቡር ባይኖርበትም ውስጡ ውጥረት አለ። በፋብሪካ ሲቀዘቅዝና በሮለር ሲቃና አንዱ ክፍል ሌላውን እንደሳበ ይቀራል፤ ይህም ቀሪ ውጥረት ይባላል። ብየዳም የራሱን ይጨምርበታል። በተጨማሪም ተበይዶ የታሰረ ረጅም ሐዲድ ሲሞቅ መርዘም ስለማይችል በእያንዳንዱ ዲግሪ 2.4 ሜጋፓስካል ያህል ይጨመቃል። ሙቀቱ ከንጋት እስከ ቀትር በ30 ዲግሪ ቢጨምር 72 ሜጋፓስካል ይሆናል። ጭመቃው ከመጠን ሲያልፍ ሐዲዱ ወደ ጎን ይጎብጣል፤ ባቡርም ከሐዲዱ ይወጣል።

ውጥረትን በመቁረጥ ወይም በመብሳት መለካት ይቻላል፤ ተሳፋሪ የሚሄድበትን ሐዲድ ግን ማን ይቆርጣል? ስለሆነም ጆሯችን የማይሰማው ከፍተኛ ድምፅ፣ አልትራሳውንድ፣ ይላክበታል። የአተሞች ትስስር የሁክን ሕግ በትክክል የሚከተል ሞላ ቢሆን ኖሮ የድምፁ ፍጥነት በውጥረት ያን ያህል ባልተነካ ነበር። ዳሩ ግን አተሞች ሲራራቁ ትስስሩ ይላላል፣ ሲቀራረቡ ይጠነክራል። በመሆኑም በውጥረቱ አቅጣጫ የሚጓዝ ቁመታዊ ሞገድ በተሳበ አረብ ብረት ውስጥ ይዘገያል፣ በተጨመቀው ይፈጥናል። የዚህን ቀመር ሂዩዝና ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1953 አቀረቡ፤ ኢግልና ብሬይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 በሐዲድ ብረት ላይ ለኩት።

ሞገዱ 100 ሚሊሜትር ለመጓዝ 17 ማይክሮሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የ72 ሜጋፓስካል ጭመቃ ከዚህ የሚቀንሰው 15 ናኖሰከንድ ገደማ ነው። ለዛሬ መሣሪያ ይህን መለካት አይከብድም። አስቸጋሪው ሙቀቱ ነው። ሙቀት ብቻውን ሞገዱን በዲግሪ ከ10,000 አንድ እጅ ያህል ያዘገየዋል፤ በ30 ዲግሪ 50 ናኖሰከንድ ገደማ ማለት ነው። ሙቀቱን የዘነጋ መርማሪ እንግዲህ በኃይል የተጨመቀውን ሐዲድ «ተስቧል» ብሎ ይፈርዳል! ስሕተቱ የቁጥር ብቻ ሳይሆን የአቅጣጫም ነው።

አንዱ መላ በአንድ መንገድ የሚሄዱ፣ ንዝረታቸው ግን እርስ በርሱ ቀጤ ነክ የሆነ ሁለት አግድም ሞገዶችን ማወዳደር ነው። ሙቀት ሁለቱንም በተቀራራቢ መጠን ስለሚያዘገይ በልዩነታቸው ውስጥ ብዙም አይታይም። የብረቱ ክርስታሎች በሮለር ሲዳመጡ ወደ አንድ አቅጣጫ መሰለፋቸው ግን ያለ ውጥረትም ሞገዶቹን ይለያያቸዋል። ስለዚህ ከዚያው ዓይነት ሐዲድ የተቆረጠና ውጥረቱ የተለቀቀ ናሙና ያስፈልጋል (ሳይቆርጡ ለመለካት አንድ ጊዜ መቁረጥ አይቀርም)። ናሙናው በመሳቢያ ማሽን ተይዞ በታወቀ ጭነት ሲሳብ የሞገዱ ጊዜ ይመዘገባል፤ በመስመር ላይ የተገኘው ንባብም በዚያ ግራፍ አማካይነት ወደ ሜጋፓስካል ይለወጣል።