ከተማ ያጥለቀለቀው ጣፋጭ ጎርፍ

ሰዎች በሞላሰስ ጎርፍ ሞቱ ሲሉኝ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ታሪኩን ሳነብ ግን ሳቄ ጠፋ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1919፣ ቦታው አሜሪካ፣ ቦስተን ነው። 15 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የብረት ታንከር ድንገት ፈነዳ። ከስኳር ምርት የሚተርፈው ያ ጥቁር ዝልግልግ ፈሳሽ፣ ከ8 ሚሊዮን ሊትር በላይ ሆኖ መንገዱን ሞላው፤ ቤቶችን ከመሠረታቸው ነቀለ። 21 ሰዎች ሞቱ፣ 150 ያህሉ ተጎዱ።

እኔን ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ታንከሩ ቀድሞም ያፈስ ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች የሚንጠባጠበውን በጣሳ ይቀዱ ነበር። ታዲያ ኩባንያው ጠገነው? የት አባቱ! የሚያፈሰው እንዳይታይ ቡናማ ቀለም ቀባው። በኋላ ፍርድ ቤት ቆሞ ካሳ ከፈለ።

ቀለም ቀዳዳን ይሸፍናል እንጂ አይደፍንም።