የእንቅስቃሴ ዓይነቶች ንጽጽር፦ በኮልፌ ቀራንዮ መንገድ ላይ

በፊዚክስ ትምህርት መጀመሪያ ላይ ተማሪ የሚያገኛቸው ዋና ዋና የእንቅስቃሴ ዓይነቶች አራት ናቸው፤ እነርሱም ወጥ ቀጥተኛ እንቅስቃሴ፥ ሽምጥ እንቅስቃሴ፥ ክባዊ እንቅስቃሴና ውዝዋዜ ናቸው። እያንዳንዳቸው ከነቀመራቸው ለብቻ ስለሚጠኑ አንዱ ከሌላው የሚለይበት ነጥብ ብዙ ጊዜ ይሰወራል። ነጥቡን ለመግለጽ ግን የታክሲ ነጂዎች በመስተዋት ላይ የሚያንጠለጥሉት ጌጥ ይበቃል። ስለዚህ ከአየር ጤና የተነሣ አንድ ሚኒባስ እንከተል።

አንደኛ፤ መኪናው በሜዳማና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር፥ ማለት በሴኮንድ 10 ሜትር፥ ፍጥነቱን ሳይለውጥ ሲሄድ ጌጡ እንደ ቱንቢ ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል። መኪናው በቆመ ጊዜም እንዲሁ ነው። እንግዲህ ክሩን ብቻ የሚመለከት ሰው መኪናው መሄዱን ከመቆሙ ሊለይ አይችልም። ጋሊሌዮም እ.ኤ.አ. በ1632 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ በመርከብ ምሳሌ አስረድቶአል።

ሁለተኛ፤ ነጂው ነዳጅ ሲሰጥ ጌጡ ወደ ኋላ፥ ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ወደ ፊት ያዘነብላል። ፍጥነት በየሴኮንዱ የሚለወጥበት መጠን ሽምጠጣ ይባላል።

ሦስተኛ፤ መኪናው አደባባይ ሲዞር የፍጥነት መለኪያው 36 ላይ እንደ ጸና ቢቆይም ጌጡ ወደ ውጭ ያዘነብላል። የፍጥነቱ መጠን ባይለወጥም አቅጣጫው ያለማቋረጥ ይለወጣልና። የክቡ ሬዲየስ 20 ሜትር ቢሆን ሽምጠጣው በሴኮንድ ካሬ 5 ሜትር ይሆናል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀነስ ግን ሽምጠጣው ወደ 1.25፥ ማለት ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ስለዚህ «ወጥ ክባዊ» ሲባል ሽምጠጣ የለም ማለት አይደለም።

አራተኛ፤ መኪናው ሲቆም ጌጡ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። በዚህ ጊዜ ሽምጠጣው ራሱ ይለዋወጣል። ክሩ 25 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ሙሉ ውዝዋዜ 1 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል፤ የጌጡ ክብደት ይህን አይለውጠውም።

ከዚህ እንደምንረዳው አራቱን የሚለያቸው የፍጥነት ብዛት ሳይሆን ፍጥነቱ በመጠን ወይም በአቅጣጫ የሚለወጥበት መንገድ ነው።

ይህም ከፈተና ወረቀት ያለፈ ጥቅም አለው። ፍሬኑ ፍጥነቱን በየሴኮንዱ በ5 ሜትር የሚቀንስ ቢሆን፥ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘበት ቦታ 10 ሜትር ተጉዞ ይቆማል። በ72 የሚሄደው ግን 20 ሳይሆን 40 ሜትር ያስፈልገዋል። በክረምት አስፋልቱ ሲርስ ጎማው መንገዱን የሚይዝበት ኃይል ስለሚቀንስ ርቀቱ ከዚህም ይረዝማል። ፍጥነቱን እጥፍ ያደረገ ነጂ ለመቆም አራት እጥፍ መንገድ ይሻል፤ ያ መንገድ ደግሞ እግረኛ የሚሻገርበት ሊሆን ይችላል።